«ቲቸራችን የሉም»፦ ስለ ምትክ መምህርና ስለ ጎረምሳ ተማሪዎቹ የሚባለውና እውነታው

ደብረ ብርሃንም ይሁን መሐል ሜዳ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ታሞ ወይም ለቅሶ ሄዶ ሲቀር ስልክ ተደውሎለት የሚመጣ ተጠባባቂ የለም። በዚያ ሰዓት ባዶ ፔሬድ ያለው ባልደረባ ይገባለታል። አንዷ ለወሊድ ስትወጣ ደግሞ ክፍሎቿ ለቀሪዎቹ ይከፋፈላሉ። ይሄ ዕጣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሳስተምር ደጋግሞ ደርሶኛል። የሰው ክፍል፣ የሰው ትምህርት፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ክፍል ሙሉ ጎረምሶችና ኮረዶች።

ስለዚህ ሥራ ስታፍ ሩም ውስጥም፣ ሰፈር ውስጥም ብዙ ይባላል። ደጋግሜ ከሰማኋቸው እነሆ።

«የምትገባው እንዳይረብሹ ለመጠበቅ ነው»

ዩኒት ሊደሩ ራሱ ሲልክህ «ዝም ብለህ ያዝልኝ» ነው የሚለው። ተማሪውም ይሄን ያውቃል። ገና በሩ ላይ ሳለህ ከኋላ ወንበር ድምፅ ይመጣል፤ «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

ለጆሮ ድፍረት ነው። ለእኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከምሰማቸው ጥያቄዎች ሁሉ ቁም ነገር ያለበት እሱ ነው። ልጁ የሚጠይቀው ይሄ ፔሬድ ይቆጠራል ወይ ብሎ ነው። ካልተቆጠረ ወሬው ይደራል፣ በመስኮት በኩል ያሉት ላሽ ይላሉ። ከተቆጠረ ደብተር ይወጣል።

እንደሚቆጠር በአፍ ብትነግራቸው አያምኑህም። የሚያምኑህ የት እንዳቆሙ ካወቅህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደብተር እዋሳለሁ። በየክፍሉ ቀን እየጻፈች፣ ርዕስ እያሰመረች ኖት የምትይዝ አንዲት ዝምተኛ ልጅ አትጠፋም። የሞኒተሩ ደብተር ግን አይረባም፤ እሱ ስም ሲጽፍ ነው የሚውለው። የመጨረሻውን ገጽ አይቼ ርዕሱን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ግማሹ ክፍል ጸጥ ይላል።

ትምህርቱ የኔ ካልሆነ አላስመስልም። የጂኦግራፊ ሰው ነኝ፤ ፊዚክስ ላይ አዲስ ርዕስ አልከፍትም። የምዕራፉን መልመጃ በቡድን ይሠራሉ፣ የገባው ወጥቶ ላልገባው ያስረዳል። ከኔም ከትምህርቱ ባለቤት መምህርም በተሻለ የሚያስረዳ ሰቃይ ሁልጊዜ አለ።

እግረ መንገዴን፦ ስልክ ያወጣ ሁሉ ቲክቶክ እያየ አይደለም። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ለሁሉም ስላልተዳረሰ ብዙዎቹ በቴሌግራም የተላከላቸውን ፒዲኤፍ ነው የሚያነቡት። አንዳንዱ ቲክቶክ እያየ ነው፣ እሱንም አውቃለሁ።

«የሚቀልዱብህ ስለሚንቁህ ነው»

ስም ስጠራ አበበ በከበደ ፈንታ «አቤት» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሙድ ያዙብኝ ማለት ነው። ግን ልጁ ወደ ማን እንደሚያይ ልብ በሉ። ወደ ጓደኞቹ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ላይ የጓደኛ ሳቅ ከመምህር ቁጣ ይበልጣል። እኔም አብሬ ፈገግ ብዬ እቀጥላለሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚስቅ አይገኝም። የተቆጣ ምትክ መምህር ግን እስከ ደወሉ ድረስ መዝናኛቸው ነው።

«ገባችሁ? ሲባሉ አዎ ካሉ ገብቷቸዋል»

ይሄን ምትክ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱም ያምነዋል። «ገባችሁ?» ትላለህ፤ ስልሳ ሰው በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይልሃል። ያ ድምፅ የልማድ መልስ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲመልሱት ነው የኖሩት።

ችግሩ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ከታች በአማርኛ ሲማር የመጣ ልጅ ድንገት ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። በእንግሊዝኛ ስጠይቅ አንገት ሁሉ ይደፋል። ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ስደግመው እጅ ይወጣል። የወጣው እጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ከተባለው ረድፍ ነው።

አንገት መድፋቱም ራሱ በስህተት ይነበባል። ከገጠር የመጡት ልጆች ትልቅ ሰው ፊት ዓይን አፍጥጦ ማየት ነውር ነው ተብለው ነው ያደጉት። መሬት መሬት የሚያየው ልጅ እያከበረህ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «ገባችሁ?» ማለት ትቻለሁ። «ለቀረ ጓደኛህ በአማርኛ እንዴት ትነግረዋለህ?» እላለሁ። አንድ ልጅ ሲነግር ያልገባው ቦታ ወዲያው ይታያል። ሱፐርቫይዘር ቢሰማኝ ደስ ላይለው ይችላል። ለኔ ግን ባልተረዱት ቋንቋ ከተገለበጠ ሦስት ገጽ ኖት ይሄ ይሻላል።

«ኮፍያና ጋቢ ለብሶ መቀመጥ ድፍረት ነው»

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። መስታወቱ የተሰበረ ክፍል ውስጥ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ «ኮፍያህን አውልቅ» ብሎ መጀመር ፔሬዱን በጠብ መክፈት ነው። በዚያው ዞን ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ልጆቹ በደብተር ሲያራግቡ ታገኛላችሁ።

«ሰኞ የቀረ ፎርፎ ነው»

የፎረፈም አለ። ግን ሰኞ ጠዋት ባዶ የሚሆኑትን ወንበሮች ባለቤቶች ጠይቁ። አብዛኞቹ ቤት ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቀበሌያቸው ላይ ስለሌለ ሦስት አራት ሆነው ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ይከራያሉ። አርብ ከሰዓት በእግር ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ። እሁድ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቁ እሁድ ካልደረሰ ሰኞ ይነሳሉ። መስከረም ላይ ወንዝ ከሞላም እንዲሁ።

የደረሰውም ቢሆን የመጀመሪያውን ፔሬድ ይተኛል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በጉርምስና ጊዜ ደግሞ የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደ ማታ ይገፋል፤ አምሽቶ መንቃት፣ ጠዋት መፍዘዝ የዕድሜው ጠባይ ነው። በዚያ ላይ በሌሊት ተነስቶ ዳገት የወጣን ልጅ ምን ትለዋለህ? እኔ ሃያ ደቂቃ እተወዋለሁ። ከዚያ ሰሌዳ እንዲያጠፋልኝ አስነሳዋለሁ።

ሴቶቹ ላይ ይብሳል። በኪራይ ቤቱ ውኃ መቅዳቱም፣ ወጥ መሥራቱም በእነሱ ላይ ይወድቃል፤ ወንድም አብሮ ተከራይቶ ከሆነ የእሱም ጭምር። «የቤት ሥራ ለምን አልሠራሽም?» ከማለት በፊት ከማን ጋር እንደምትኖር ማወቅ ይጠቅማል። ባለቤቱ መምህር ያውቃል፣ ምትኩ አያውቅም። ስለዚህ ምትክ ሆኜ በቤት ሥራ ማንንም አላስወጣም።

የአጨዳ ወቅትም አለ። ሞረትና ጅሩ ላይ ስንዴው ሲደርስ፣ መንዝ ላይ ገብሱ ሲታጨድ ክፍሉ ይሳሳል። ቤት ውስጥ እጅ ይፈለጋል። ልጁ የቀረው ከአባቱ ላለመጣላት ነው። ይህን «ለትምህርት ግድ የለውም» ብሎ መመዝገብ ቀላል ነው፤ ኅዳር ያመለጠውን ምዕራፍ ታኅሣሥ ላይ ማካካሻ ማስተማር ነው የሚከብደው።

«ያለ አርጩሜ አይሰሙም»

ወላጅ ጭምር «ምታልኝ፣ ልጁ ያንተ ነው» ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናትን በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ነፃ አድርጓቸዋል። በሕጉም፣ በተግባሩም አያዋጣም። ስሙን እንኳ የማታውቀውን ልጅ ብታንበረክክ ጓደኞቹ ሁሉ ከእሱ ጋር ያብራሉ፣ ቀሪው ደቂቃ የአንተና የእነሱ ትግል ይሆናል። ከስም የሚበልጥ በትር አላየሁም። «አንተ ባለ ቀዩ ሹራብ» ሲባል የማይሰማው፣ በስሙ ሲጠራ ቀና ይላል።

«ያ ትልቁ ልጅ ወዳቂ ነው»

ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ጢም ያወጣ ልጅ ስታዩ ዓመቶቹን ቁጠሩ። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ። ሚያዝያ 2013 አጣዬ ተቃጠለች። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አዳረሰ። ከዚያም ወዲህ በጸጥታው ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ልጁ ፈተና አልወደቀም ይሆናል። «ስንት ዓመትህ ነው?» ብሎ በክፍሉ ፊት መጠየቅ ግን በቂ ምክንያት ነው፣ ነገ እንዳይመጣ።

«የዘንድሮ ልጅ መማር አይፈልግም»

ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀሰው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ነው። በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ልጆቹ እነዚህን ቁጥሮች ከኛ በላይ ያውቋቸዋል። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል 3.3 በመቶ ሁለት ሰው መሆኑን አንዱ አስልቶ ጮክ ብሎ ነግሮናል። ክፍሉ ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ወዲያው ጠቆመ። ሌሎቹ ሃምሳ ስምንት ምን ይሁኑ?

ከዚያ ጥያቄው አይቀርም፤ «ቲቸር፣ ደሞዝዎ ስንት ነው?»

ብዙ ባልደረቦቼ በዚህ ይቆጣሉ። እኔ እነግራቸዋለሁ። አንዱ ወዲያው የባጃጅ ሹፌር የቀን ገቢ ይጠቅሳል፣ ሌላው ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠ ወንድሙን ያነሳል። ሒሳብ እያሰሉ ነው፣ ሒሳባቸውም የተሳሳተ አይደለም። ከትምህርት የሚነቅላቸው ይሄ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይሰጡ «ተማሩ፣ ትልቅ ሰው ትሆናላችሁ» ማለት አይሠራም። ሰምተውታል።

«ደወል ሲደወል ሥራህ አለቀ»

ከክፍል ስወጣ ለባለቤቱ መምህር ግማሽ ገጽ ጽፌ ጠረጴዛው ላይ እተዋለሁ። የት ገጽ እንደደረስን፣ ማን እንደቀረ፣ የትኛው መልመጃ እንዳስቸገረ። ወረቀቱ ከሌለ ሲመለስ ያንኑ ርዕስ ከመጀመሪያው ያስተምራል። ልጆቹ እንደተማሩት አይነግሩትም። የሚያውቁትን ፔሬድ ደግሞ መቀመጥ ለእነሱ ዕረፍት ነው።