ትልቁ ማርቸዲስ በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ የኤስ ክላስ የቅርጽና የቴክኖሎጂ ለውጥ ከጋራዥ አንጻር

ኤስ ክላስ የጀርመኑ መርሴዲስ ቤንዝ የሚያመርተው ትልቅ ባለ አራት በር የቤት መኪና ነው። በሀገራችን የቀድሞ ሰዎች አፍ መርሴዲስ ሁሉ "ማርቸዲስ" ነው፤ ይህኛው ደግሞ ከማርቸዲሶቹ ትልቁ። ፋብሪካው ቅርጹን በየሰባትና ስምንት ዓመቱ፣ አንዳንዴም በአሥራ ሁለት ዓመት፣ ከሥሩ ይቀይረዋል። ትውልዶቹ የሚለዩት በኮድ ሲሆን ጋራዥ ውስጥም የሚጠሩት በቁጥሩ ነው፤ "126 ነው ወይስ 140?" ተብሎ ይጠየቃል።

ይህ ዳሰሳ እያንዳንዱ የቅርጽ ለውጥ ከቃሊቲና ገላን እስከ ለገጣፎ፣ ሰበታና ቡራዩ ባሉ ጋራዦች የጥገናውን ሥራ እንዴት እንደለወጠው ይመለከታል።

ጋራዦቹና ቋንቋቸው

የላሜራና የቀለም ሥራ ሰፊ ግቢ ይፈልጋል። መዶሻው ይጮኻል፣ ቲነሩ ይሸታል፣ ዕቃ የሚጠብቅ መኪና ለወራት ይቆማል። የመሐል ከተማው ኪራይ ሲወደድና ሰፈሮች ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ሥራው ወደ ዳርቻ መውጣቱ የግድ ነበር። መለዋወጫ ግን ዛሬም በዋናነት ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ይመጣል፤ እዚያ ከታጣ ከቆመ መኪና ይፈታል።

አብዛኞቹ የሙያው ቃላት የጣልያን ናቸው። የሞተር መክደኛው ኮፈን፣ የፊትና የኋላ መከላከያው ፓራውልት፣ የጎማው ክንፍ ፓራፋንጎ፣ የፊት መስታወቱ ፓራብሬዛ፣ የጎን መስታወቱ ስፖኪዮ፣ የመታጠፊያ መብራቱ ፍሬቻ ነው። የተጨራመተ ላሜራ በመዶሻ የሚያቃናው ባለሙያ ባቲላሜራ ይባላል። ጥሩ ባቲላሜራ ጉድለቱን የሚያገኘው ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ እየዳበሰ ነው፤ ይህን የሚተካ መሣሪያ እስካሁን አልመጣም።

ከ116 ወደ 126

"ኤስ ክላስ" የሚለውን ስም በይፋ የያዘው የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ደብልዩ 116 ሲሆን በ1978 ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ ፍሬን ተጨመረለት።

ደብልዩ 126 በ1979 ወጣ። የዲዛይን ክፍሉን ይመራ የነበረው ብሩኖ ሳኮ ነው። ዘመኑ ነዳጅ የተወደደበት ስለነበር ነፋስን በቀላሉ የሚሰነጥቅ ቅርጽ ተፈለገ፤ የነፋስ መቋቋም መጠኑ 0.36 ሆነ፣ ይህም ለዚያ ጊዜ ትልቅ መኪና እጅግ ጥሩ ቁጥር ነው። የ116 ወፍራም የኒኬል ፓራውልት ቀርቶ ከቦዲው ጋር የተዋሃደ የፕላስቲክ ፓራውልት መጣ፤ የበሮቹ የታችኛው ክፍልም በፕላስቲክ ሽፋን ተለበጠ። ከ1981 ጀምሮ ለሾፌሩ ኤርባግ ማስገጠም ተቻለ። በ1985 ፓራውልቱና የጎን ሽፋኑ ለስላሳ ተደርገው ሞተሮቹም ታደሱ። እስከ 1991 ድረስ ከ818,000 በላይ ሴዳኖች ተመርተዋል፤ ከኤስ ክላስ ትውልዶች ሁሉ በብዛቱ የሚጠቀሰው ይህ ነው።

ወደ አዲስ አበባ የገቡት አብዛኞቹ በኤምባሲዎችና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች በኩል እንደሆነ ይነገራል፤ ከተማዋ ከ1963 ጀምሮ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫ በመሆኗ አባባሉ ከእውነት የራቀ አይመስልም። ብዙዎቹ በኋላ ለሠርግ ኪራይ ውለዋል።

የ126 ትልቁ ችግር የሚያምረው ፕላስቲክ ራሱ ነው። ጭቃና ውኃ በሽፋኑና በላሜራው መካከል እየተጠራቀመ ብረቱን ከውስጥ ይበላል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ስለዚህ ሊገዛ የታሰበ 126 ሽፋኑ ሳይፈታ ዋጋ አይነገርበትም። መጀመሪያ የሚታየው የክሪክ መግቢያዎቹ ዙሪያ ነው፤ ቀጥሎ የኋላ መስታወቱ የታችኛው ጠርዝ፣ ከዚያ የፊት ፓራፋንጎ በመብራቱ ዙሪያ። ሽፋኑን የያዙት የፕላስቲክ መቆንጠጫዎች በዕድሜ ስለሚደርቁ ሲፈቱ ይሰበራሉ፤ ትርፍ ሳይገዙ መጀመር ሽፋኑን በሲሊኮን ወደ መለጠፍ ያደርሳል፣ በሲሊኮን የተለጠፈ ሽፋን ደግሞ ውኃውን ጨርሶ ይቋጥራል።

ቀለሙም ወጥመድ አለው። በብዙዎቹ 126 ላይ የሽፋኑ ቀለም ከቦዲው ጋር አንድ አይደለም፤ ሆን ተብሎ በደረጃ የተለየ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀለም መንፋት መኪናውን ያደበዝዘዋል፤ ሁለት ቅልቅል ይሠራል።

280 ኤስኢ የሚባለው 126 ሞተርና የመጀመሪያዎቹ ባለ ስምንት ሲሊንደር (ቪ8) ሞተሮች ነዳጅ የሚረጩት ኬ ጄትሮኒክ በሚባለው ሜካኒካል ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ዳር ከተሞች በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ (እሳት መስጫ)፣ ነዳጅ መጠጣት። ማስተካከያው በአየር መለኪያ ሳህኑና በነዳጅ ማከፋፈያው መካከል ባለው ቀዳዳ በ3 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ነው። ወደ ሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሲዞር ነዳጅ ይጨምራል፣ በተቃራኒው ይቀንሳል። በአንድ ጊዜ ከዙር አንድ ስምንተኛ አይበልጥም፤ ቁልፉ ወጥቶ ነዳጅ ተሰጥቶ ሞተሩ ከተረጋጋ በኋላ እንደገና ይታያል። ቁልፉ ገብቶ ሳለ ነዳጅ መስጠት ሳህኑን የያዘውን ክንድ ሊያጣምም ይችላል። በቪ8ቱ ላይ ደግሞ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰንሰለት የፕላስቲክ መሪዎች በዕድሜ ይሰባበራሉ፤ ጠዋት ሲነሳ የሚሰማ መንቀጫቀጭ ችላ ከተባለ ሰንሰለቱ ጥርስ ዘልሎ ቫልቭ ያጣምማል።

140፦ ክብደትና ሽቦ

በመጋቢት 1991 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት የቀረበው ደብልዩ 140 ርዝመቱ 5,113 ሚሊ ሜትር፣ ረጅሙ 5,213 ነው። ድርብ የበር መስታወት፣ በቀስታ የተገፋ በርን ስቦ የሚዘጋ መሣሪያ፣ 600 በሚባለው ሞዴል ላይ ባለ 12 ሲሊንደር 6 ሊትር ሞተር ነበረው። ወደ ኋላ ሲኬድ ሾፌሩ የመኪናውን ጫፍ እንዲያውቅ ከኋላ ማዕዘኖቹ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ብቅ ይላሉ፤ በ1995 ድምፅ የሚሰጥ ሴንሰር ተካቸው። በዚያው ዓመት መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ኢኤስፒ መጣ። በሀገሩ "ከመጠን በላይ ገዘፈ" ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። መሐንዲሶች ወጪ ሳይቆጥሩ የሠሩት የመጨረሻው ማርቸዲስ 126 ነው ወይስ 140 የሚለው ክርክር እዚህም አለ፤ የበሩን አዘጋግ የሰማ ሰው ግን ወደ 140 ማዘንበሉ አይቀርም።

የታወቀው ድክመቱ የሞተር ሽቦ ነው። እስከ 1995 አካባቢ በተሠሩት ላይ የሽቦው ሽፋን በሙቀት እየደረቀ ይፈረፈራል። መዳብ ከመዳብ ሲነካካ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ያጣል፣ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ኮምፒውተሩ ላይ ይላከክና ገንዘብ ይባክናል። አንዳንዴ ኮምፒውተሩ በእርግጥ ይቃጠላል፤ ያቃጠለው ግን ሽቦው ነው፤ ሽቦው ሳይቀየር አዲስ ኮምፒውተር መግጠም ሁለተኛውንም መጣል ነው። ምርመራው ቀላል ነው፤ ባትሪው ይፈታል፣ ሶኬት አጠገብ ያለው የላስቲክ መከለያ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ሽቦው በቀስታ ይታጠፋል። ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ጠቅላላው ይቀየራል።

አዲሱ ሙሉ ገመድ ከጠፋ በእጅ ይሠራል። ሙቀት የሚችል፣ ውፍረቱ ከቀድሞው ጋር እኩል የሆነ ሽቦ ይገዛል፤ አሮጌው ሳይቆራረጥ ጣውላ ላይ በቅርጹ ይዘረጋል፤ አንድ ሽቦ ተቆርጦ አንድ ይተካል፣ ምልክት ይደረግበታል፣ ከዚያ ቀጣዩ። ሁሉንም ቆርጦ መጀመር የሳምንት ሥራን የወር ያደርገዋል። የነዳጅ መስጫው አካል ውስጥ ያለው አጭር ሽቦም ያው ዓይነት ስለሆነ አብሮ ይከፈታል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

ድርብ መስታወቱ ጠርዙ ከላላ በመሐሉ እርጥበት ገብቶ ይጉማል። ሊጸዳ አይችልም፤ ሙሉው ይለወጣል።

220፦ የአየር ሞላ

በ1998 የመጣው ደብልዩ 220 ለወቀሳው መልስ ነበር። ቀለለ፣ አጠረ፣ የነፋስ መቋቋሙ ወደ 0.27 ወረደ። በብረት ሞላ ፋንታ ኤርማቲክ የሚባል የአየር ሞላ ገባ፤ ከፊት ያለውን መኪና በራዳር እየለካ ፍጥነት የሚያስተካክለው ዲስትሮኒክም በዚህ ትውልድ ተጀመረ። ቅርጹ ያማረ ነው፤ ላሜራው ግን ይዝጋል፣ በተለይ የበሮች ታችና የጎማ ቅስቶች።

"መኪናው አድሮ ተኛ" የሚለው አቤቱታ የዚህ ትውልድ መታወቂያ ነው። ማታ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት በአራቱም ማዕዘን በሜትር ይለካል፣ ጠዋት ይደገማል። የወረደው ማዕዘን ላይ የሳሙና ውኃ ይረጫል፤ አረፋ የሠራበት ቦታ ቀዳዳው ነው። አንዳንዴ የአየር ከረጢቱ ደህና ሆኖ የሚያፈስሰው የቱቦው መግጠሚያ ብቻ ይሆናል፣ ያ ዕድል ነው። ስህተቱ አየር የሚሞላውን ኮምፕሬሰር ቀድሞ መቀየር ነው። ኮምፕሬሰሩ የሚቃጠለው የሚያፈሰውን ለመሙላት ያለ ዕረፍት ሲሠራ ስለሆነ፣ ፍሳሹ ሳይደፈን የተገጠመው አዲስም ይከተለዋል። ኮምፕሬሰሩን የሚያበራውና የሚያጠፋው ሪሌ ተጣብቆ ከሆነም እንዲሁ፤ ስለዚህ ኮምፕሬሰር ሲቀየር ሪሌ አብሮ ይቀየራል።

ከሁሉ በላይ፣ በአየር የቆመ መኪና በክሪክ ብቻ ተነስቶ ሥሩ አይገባም። አየሩ ባንዴ ሊለቅ ይችላል፤ የብረት መቆሚያ ግዴታ ነው። የኮብልስቶንና የኮረኮንች መንገድ የሰለቸው ባለቤት ወደ ብረት ሞላ ማስቀየር ይችላል። ይሄዳል፣ ነገር ግን የማስጠንቀቂያው መልእክት ይቀራል፣ መኪናውም የቀድሞው መኪና አይደለም።

ከ221 ወዲህ

ደብልዩ 221 በ2005 ወጣ፤ በጨለማ የሚያይ ካሜራ ነበረው። በ2013 የመጣው ደብልዩ 222 አንድም አምፖል የለውም፤ መብራቱ በሙሉ ኤልኢዲ ሲሆን ወደ 500 ይደርሳል። ከፓራብሬዛው ጀርባ ያሉት ሁለት ካሜራዎች መንገዱን አንብበው ሞላውን ያዘጋጃሉ። በ2020 የወጣው ደብልዩ 223 ከበሩ ጋር የሚስተካከል የተደበቀ እጀታ፣ 12.8 ኢንች ስክሪንና እስከ 10 ዲግሪ የሚታጠፍ የኋላ ጎማ ይዞ መጣ።

ለባቲላሜራ ዋናው ለውጥ የ222 የውጭ ቦዲ ጣሪያውን ጨምሮ አሉሚኒየም መሆኑ ነው። ብረት ሲሞቅ ይቀላል፤ አሉሚኒየም መልኩን ሳይቀይር በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ስለዚህ ሙቀቱ በዓይን ሳይሆን በመለኪያ ይታያል። መዶሻውና ሞረዱ ለብቻ መሆን አለባቸው፤ ከብረት ሥራ የተረፈ ብናኝ ከተቀበረበት ከወራት በኋላ ቀለሙ ሥር እንደ ብጉር ያብጣል። ፓራብሬዛ ሲቀየር ካሜራው እንደገና ካልተስተካከለ መኪናው መስመር ይስታል። የፊቱን ኮከብ ሽፋን መቀባት ወይም በስቱኮ (ጉድጓድ በሚሞላው ልጥፍ) መጠገን ከጀርባው ያለውን ራዳር ያሳውራል።

ቀለም

ስቱኮ ከ3 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ወፍራም ስቱኮ በፀሐይ ይሰነጠቃል። ቅርጹ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይወጣል፣ በ180 ከዚያም በ320 ይለሰልሳል። አንቲሩጂን የሚባለው የሥር ቀለም ተነፍቶ ሲደርቅ በ800 በውኃ ይታሻል። መሠረታዊው ቀለም ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ በየመሐሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፤ አንጸባራቂው ሁለት ጊዜ። ፉርኖ (የቀለም ማድረቂያ ክፍል) ባለበት በ60 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይጋገራል። ፉርኖ በሌለበት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ማድረቂያውን ስለሚያዘገየው ከቀትር በኋላ አለመንፋት ይሻላል። በክረምት ደግሞ ጠላቱ የኮምፕሬሰሩ ውኃ ነው፤ በርሜሉ በየጠዋቱ ካልተለቀቀ ቀለሙ ላይ ዓይን ዓይን ያወጣል።

ፋብሪካ የቀባው ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 140 ማይክሮን ውፍረት አለው። መለኪያው 300 ካነበበ ያ ቦታ ሁለተኛ ጊዜ ተቀብቷል፤ 1,000 ካለፈ ሥሩ ስቱኮ ነው።

ሕጉና አሮጌዎቹ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ሀገር ውስጥ ያለው 126ና 140 ባለበት እየተጠገነ ይቀጥላል፤ የቆመ መኪና አንድ በር እንኳ ዋጋ አላት።

ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ኤሌክትሪኩ ኢኪውኤስ የነፋስ መቋቋሙ 0.20 ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የላሜራ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የከፍተኛ ኃይሉ መስመር በአምራቹ ቅደም ተከተል ይቋረጣል፤ ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ገመድ አይነካም፣ አጠገቡም ብየዳ አይደረግም። ፉርኖ ውስጥ የሚቆይበት ሙቀትና ሰዓትም ከባትሪው ገደብ ማለፍ የለበትም፤ ገደቡ በየመኪናው መመሪያ ላይ ተጽፏል፣ በነዳጅ መኪና ልምድ አይገመትም።