የግጦሽ ፈረሶች የእግር ጭረትና እብጠት በመሃል አዲስ አበባ

ጠዋት ደህና ሆኖ ሣር ላይ የተለቀቀ ፈረስ ማታ ሲሰበሰብ እግሩ ላይ አዲስ ጭረት፣ ተልጦ የቀላ ቆዳ ወይም ትንሽ እብጠት መገኘቱ የተለመደ ነው። ሲጎዳ ያየ ሰው የለም። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል። ባለቤቱ ጠባቂውን ሲጠይቅ፣ ጠባቂው ሲምል ሊመሽ ይችላል። ከዚያ ይልቅ ሁለት ነገር ማየት ይሻላል፦ ቁስሉ የት ላይ ነው? ፈረሱስ ሲራመድ እግሩን እንዴት ያሳርፋል?

የመሃል ከተማ ግጦሽ የራሱ ጣጣ አለው። ስድስት ኪሎ አጠገብ ያለውን ጃን ሜዳን እንውሰድ። ለረጅም ዘመን የፈረስ እሽቅድምድም ሲካሄድበት የኖረ ሜዳ ነው። ጥምቀት ይከበርበታል፣ ገና ይመታበታል፣ አገር አቋራጭ ሩጫ ይሮጥበታል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ለጊዜው ወደዚያ ተዛውሮ ነበር። ብዙ ሕዝብ የዋለበት መሬት ደግሞ ሚስማር፣ የተሰበረ ጠርሙስና የድንኳን ካስማ ሊቀርበት ይችላል። በቀበናና በግንፍሌ ወንዞች ዳር ያለው ሣርም ከዚህ አያመልጥም፤ ጎርፍ ያመጣው ሽቦና ጣሳ ሣሩ ውስጥ ይደበቃል። ግንባታ አጠገብ ፌሮ አለ፤ አጥሩም ብዙ ጊዜ ጠርዙ የተቀደደ ቆርቆሮ ነው።

አንዳንዴ ቁስሉ ራሱ ይናገራል። ቆርቆሮ ቀጥ ያለና ጠርዙ የተስተካከለ ቁርጥ ይተዋል። ሽቦ ቆዳውን ቦጭቆ ያንጠለጥለዋል። ከሰኮናው በላይ፣ ከኋላ በኩል ዙሪያውን የተላጠ ቆዳ ካለ የታሰረበትን ገመድ ጠርጥሩ፤ በተለይ ናይለን ከሆነ ሲጎተት ያቃጥላል። የፊት እግሩ ተረከዝ ከተላጠ ምናልባት የራሱ የኋላ ሰኮና መቶት ነው፤ ጭቃ ላይ ሲሮጥ ይህ ይበዛል። ሌላ ፈረስ ሲረግጠው ደግሞ አንዳንዴ ቆዳው ሳይቀደድ እብጠት ብቻ ይወጣል። ርግጫ ግን አይናቅም። ከኋላ እግሩ ቋንጃ በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ አጥንቱን የሚሸፍነው ቆዳ ብቻ ነው። እዚያ የተመታ አጥንት ተሰንጥቆ ሳያስታውቅ ቆይቶ ከቀናት በኋላ ሊሰበር ይችላል።

ፈረስ ከጉልበቱና ከቋንጃው በታች ጡንቻ የለውም ማለት ይቻላል። ያለው ቆዳ፣ ጅማትና አጥንት ነው። ስለዚህ እዚያ ያለ ቁስል ቶሎ አይድንም፤ ትርፍ ሥጋ አብቅሎ ቆዳው እንዳይገጥምም ያደርጋል። ጭኑ ላይ ያለ ትልቅ ቁርጥ ሲያዩት ያስደነግጣል፣ ግን ብዙ ጊዜ በደንብ ይድናል። መገጣጠሚያ አጠገብ ያለች የሚስማር ቀዳዳ ግን ደም እንኳ ላትታይባት ትችላለች። ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ ከገባች ፈረሱን እስከ መጨረሻው ልታሽመደምደው ትችላለች። ሰኮና ሥር የገባ ሚስማርም እንደዚሁ ነው። ሐኪም ቶሎ የሚደርስ ከሆነ ፈረሱን ሳያራምዱ ሚስማሩን ባለበት መተው ይሻላል፤ ወዴት እንደገባ የሚታየው ያኔ ነው።

ማታ ማታ አራቱንም እግር በእጅ መዳሰስ ጥሩ ልማድ ነው። ከጉልበት ጀምሮ ቀስ እያሉ ወደ ታች፣ ከዚያ ያኛውን እግር። ዓይን የሳተውን ሙቀት መዳፍ ያገኘዋል። ሁለቱም የኋላ እግሮች እኩል ካበጡና ካልሞቁ ምናልባት ቆሞ ማደሩ ነው፤ ሲንቀሳቀስ ይጎድላል። አንዱ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ሲነካ ካመመው ግን ነገር አለ። ትኩሳት እንዳለው ለማወቅም፣ የጤነኛ ፈረስ የሰውነት ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው።

ላይ ላዩን ለሆነ ጭረት አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ከ9 ግራም ጨው ጋር በቂ ነው፤ ጨው ማለት ሁለት ያልሞሉ የሻይ ማንኪያ። በደንብ አጥቦ ከዝንብ መከላከል ነው። ላልተቀደደ እብጠት ቀዝቃዛ ውሃ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ይረዳል። የተቃጠለ ዘይት መቀባትና በጋለ ብረት መተኮስ ግን እባካችሁ ይቅር! ቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው፣ እንስሳውም ይሰቃያል።

መንጋጋ ቆልፍ ፈረስን ከሌሎች እንስሳት ሁሉ ይበልጥ ያጠቃል። በትንሽ ቀዳዳ ይገባል፤ ከያዘ በኋላ ማዳን ከባድ ነው። ክትባቱ ግን ይከላከለዋል። ያልተከተበ ፈረስ ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ሌላው የማይድን የሚመስለው ቁስል ነው። እግሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተከታትለው የወጡ እባጮች እየፈነዱ መግል ካወጡ በፈንገስ የሚመጣው የሊምፍ ሥር (ከቆዳ በታች ፈሳሽ የሚያስተላልፍ ቀጭን ሥር) በሽታ ሊሆን ይችላል። በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን ክፉኛ ያጠቃል፤ የሚገባውም ማንም ልብ ባላላት ጭረት ነው። እንዲህ ያለውን ፈረስ ከሌሎቹ መለየት፣ ገመዱንና ኮርቻውን ለሌላ አለማዋስ፣ ቶሎም ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። ከከተማው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢሾፍቱ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ።