የወጣቶች አገልግሎትና የአየር ንብረት ሥራ በሰሜን ሸዋ

የማኅበረሰብ አገልግሎት ወጣቶች በነጻ ወይም በትንሽ የኪስ ገንዘብ ለአንድ አካባቢ ጉልበትና ዕውቀታቸውን የሚሰጡበት አሠራር ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ ይህ ሥራ ዞሮ ዞሮ አፈርና ዝናብ ላይ ያርፋል። በመንዝ ደጋ ብዙ ገበሬ ገብሱን የሚዘራው በበልግ ነው። በልግ ከቀረ ጎተራው ባዶ ይሆናል።

ታሪኩ ረጅም ነው። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሄደው እንዲያገለግሉ ተደረገ። በ1967 ተማሪዎችን ወደ ገጠር የላከው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተከተለ። በዚያው ዓመት የካቲት የመሬት አዋጁ ወጣ። መሬት ለአራሹ መድረሱ ተገቢ ነበር። ግን በመንዝ ጓሳ የተባለውን የሣር ምድር 400 ዓመት ገደማ የጠበቀው፣ ቄሮ የሚባለው የነዋሪው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት አብሮ ፈረሰ። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል። በቄሮ ጊዜ ሳሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለጌሳ (ከሣር ለሚሠራ የዝናብ ልብስ) ይታጨዳል። ደግነቱ ነዋሪው ኋላ ጥበቃውን በኮሚቴ መልሶ አቋቋመው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ዛሬ እዚያው አሉ።

አሁን ያለው አገልግሎት ብዙ መልክ አለው። ተማሪዎች በክረምት በጎ ፈቃድ ይወጣሉ። ሰላም ሚኒስቴር የጀመረው ብሔራዊ ፕሮግራም ደግሞ ምሩቃንን ከትውልድ አካባቢያቸው ውጭ ይመድባል።

በበጋ ገበሬው ለተፋሰስ ሥራ፣ ማለትም አፈር የሚይዝ እርከን ለመሥራት ሲወጣ የተማረ ወጣት በጣም ይጠቅማል። ሁለት ሰው እንጨት ይዞ ይቆማል። መሐል ገመዱ ላይ ውሃ ልክ ይንጠለጠላል። ሦስተኛው አረፋውን አይቶ ‹‹ትንሽ ወደ ላይ!›› ይላል። እርከኑ ከተዛነፈ ጎርፍ በአንድ ክረምት ጠራርጎ ይወስደዋል።

ችግኝ ላይ ግን አገልግሎቱ አጭር መሆኑ ይጎዳል። ሐምሌ ላይ ሁሉም ይተክላል። አንዳንዱ በጥድፊያ ላስቲኩን ሳይቀድ ይቀብረዋል፤ ሥሩ ታፍኖ ይቀራል። ከዚያ ተማሪው ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የደጋው ውርጭ ይመጣል፤ ሌሊቱን ለጋውን ቅጠል ያጠቁረዋል። የምሩቃን ምደባ ከሐምሌ እስከ ግንቦት ቢሆን እመርጣለሁ። ችግኙን የተከለው ልጅ ማታ ማታ ጭድ ያለብሰዋል፤ ጥር ላይም በጀሪካን ውሃ ያደርስለታል።