መልእክቱ ደርሷል፤ ሰውየው ግን አልደረሰም

ጎንደር ፒያሳ አንዱ ካፌ ገብታችሁ ዙሪያችሁን እዩ። አራት ሰው አንድ ጠረጴዛ ከቦ፣ አራቱም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ይህንን ስናማ ግን እኛም የምንስታቸው ነገሮች አሉ። ሰሞኑን የሰማኋቸውን ላንሳ።

«ነፍስ ይማር ብዬ ጽፌያለሁ፤ ለቅሶ ደርሻለሁ»

ይቺን እኔም ብያታለሁ። አዘዞ ያለ ወዳጄ አባቱ አረፉ። ፌስቡክ ላይ አየሁና «ነፍስ ይማር» ጽፌ፣ የሻማ ምስል ጨምሬ አለፍኩ። ከወር በኋላ ቅዳሜ ገበያ ተገናኘን።

«አላየሁህም» አለኝ።

«ጽፌልህ ነበር'ኮ።»

«በዚያ ሰሞን ስልኬን ማን ያየዋል ብለህ ነው?»

አፈርኩ። በአማርኛ መልእክትም ይደርሳል፣ ሰውም ይደርሳል፤ ቃሉ አንድ ስለሆነ ነገሩም አንድ መሰለኝ። እድር ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበርና ብረት ድስት የሚያወጣው ለሚመጣ ሰው ነው። በእኛ እድር ቀብር ለቀረ ቅጣት አለ። ብሩ ይኼን ያህል አይደለም፤ የሚከብደው ስምህ ሲጠራ ነው። ለቅሶ ቤት ደግሞ ብዙ ንግግር አይጠይቅም። «እግዜር ያጽናችሁ» ብለህ ትገባለህ፣ ንፍሮ ትዘግናለህ፣ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። ያንን ዝምታ ኮሜንት ላይ እንዴት ብለህ ትጽፈዋለህ?

«አምስት ሺህ ጓደኛ አለኝ»

5,000 እኮ ፌስቡክ የሚፈቅደው ጣሪያ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮቢን ደንባር አንድ ሰው በቅጡ ሊይዘው የሚችለው ግንኙነት 150 ገደማ ነው ብሎ ገምቷል። በቁጥሩ ምሁራን ይከራከራሉ። የእኔ መለኪያ ቀላል ናት፦ ሌሊት ሆድህን ቢቆርጥህ ከእነዚያ ውስጥ ተነስቶ ባጃጅ የሚፈልግልህ ስንቱ ነው?

«የተበላሹት ልጆቹ ናቸው»

ኧረ ተዉ። ባለፈው ማኅበር ላይ ጠላው እየተቀዳ፣ ቲክቶክ ከፍተው ድምፁን የለቀቁት ጋሼ ነበሩ።

«የቡናው ባህል ከጥንት የነበረ ነው፤ ስልክ አጠፋው»

ግማሹ ልክ አይደለም። ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. ሲቆረቁሩ፣ ከዚያም በኋላ ረጅም ዘመን፣ ቤተ ክርስቲያን ቡናን አትወድም ነበር። ክርስቲያኑ በሰፊው መጠጣት የጀመረው ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ነው። ስለዚህ «ጥንታዊ» የምንለው ልማድ ሰዎች ቆየት ብለው የያዙት ነው። ቡናውም ቢሆን ቅዱስ አይደለም፤ ሐሜት የሌለበት ቡና አላውቅም። ግን ሐሜቱ ልጓም አለው። የምታማት ሴትዮ ድንገት «ቤቶች!» ብላ ልትገባ ትችላለች። ኮሜንት ላይ በር የለም።

«ስልኬን የማልተወው ሰነፍ ስለሆንኩ ነው»

ራሳችሁን ብቻ አትውቀሱ። ጣት በሳበ ቁጥር እየተጨመረ የሚሄደውን ማለቂያ የሌለው ገጽ በ2006 እ.ኤ.አ. የቀመረው አዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ ነው። በኋላ ራሱ ተጸጽቷል። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ያልቃል። ስልኩ በረካ የለውም። በቃ የሚል ሰው ስለሌለበት «በቃ» ማለቱ በእኛ ላይ ወደቀ። እኔ የጠቀመኝ ሁለት ነገር ነው፦ የማሳወቂያ ድምፁን አጠፋሁ፤ ቡና ሲፈላ ደግሞ ስልኬን ጓዳ ቻርጅ ላይ እተወዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እጄ ኪሴን ይዳብስ ነበር።

«እንግዲያው መፍትሔው ስልኩን መጣል ነው»

ይሄን እናቴ ፊት እንዳትሉ። እህቴ ቤይሩት ናት። እሁድ እሁድ ኢሞ ተከፍቶ ስልኩ ረከቦቱ አጠገብ ይቆማል፤ እሷ እዚያ የሰው ቤት ወጥ እያማሰለች፣ እዚህ ማን እንዳገባ ማን እንደወለደ ትሰማለች። እናቴ ለእሷም ትቀዳላታለች። ሲኒዋን ጎረቤታችን እትዬ ናቸው የሚጠጡላት፤ «ስኳር አሳንሳብኛለች» እያሉ ወደ ስልኩ ይከሷታል።