በጣና ዙሪያ የተሠሩ የሕይወትና የጤና ሳይንስ ምርምሮች፦ የአዝማሚያና የለውጥ ልኬት

የጣና ሐይቅና ዳርቻው በኢትዮጵያ የሕይወትና የጤና ሳይንስ ምርምር ታሪክ ረጅም የጽሑፍ ዱካ ካላቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ሐይቁን ራሱን ሳይሆን፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ፍጥረታቱና በዳርቻው ስለሚኖረው ሕዝብ ጤና የተሰበሰበው የምርምር መረጃ በዘመናት መካከል እንዴት እንደተለወጠና ለውጡ በምን እንደሚለካ ነው። ጉዳዩ በአማርኛ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ በቀላሉ ስለማይገኝ ጽሑፉ በእጅ ባሉት ምንጮች ልክ ተሰናድቷል፤ የዓሣ ጥናቱ ከሌላው ሰፋ ያለ ቦታ መያዙም ከዚሁ የመጣ ነው። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ለስፋቱ ግን ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛውን ውኃውን የሚያገኘው ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ የጣና ዓሦች ከሌላው የዓባይ ተፋሰስ ተነጥለው ኖረዋል፤ ተመራማሪዎችን ወደ ባሕር ዳር የሳበውም በአመዛኙ ይኸው ነው። ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በ2015 በባዮስፌር ክልልነት መዝግቦታል።

የልኬቱ ስልት

የምርምር አዝማሚያ ልኬት መነሻው ቆጠራ ነው። በአንድ ርዕሰ ጉዳይ በየዓመቱ ስንት ጽሑፍ ወጣ፣ ማን ከማን ጋር ጻፈ፣ የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ተጠቀሰ ተብሎ ይመዘገባል። አላን ፕሪቻርድ ለዚህ ሙያ «ቢብሊዮሜትሪክስ» የሚለውን ስም ያስተዋወቁት በ1969 ቢሆንም ሥራው ከስሙ ይቀድማል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ጽሑፎችን በወጥ የርዕስ ቃላት የሚመድብበትን መዝገብ በ1960 አውጥቷል፤ ዩጂን ጋርፊልድም የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ በ1964 ለአንባቢ አቅርበዋል። ፐብሜድ የተባለው የሕክምና ጽሑፎች የኢንተርኔት ቋት በ1996 ተከፍቶ በ1997 ለሁሉም በነፃ ከተለቀቀ ወዲህ ኢንተርኔት ያለው ማንኛውም ተማሪ ቆጠራውን ከባሕር ዳር ሆኖ መሥራት ችሏል።

ጥሬ ቁጥር ግን ያሳስታል። በፐብሜድ ላይ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳዲስ መዛግብት ስለሚጨመሩ፣ ስለ ጣና የተጻፈው እጥፍ ሆነ ማለት ብቻውን ሐይቁ የበለጠ ትኩረት አገኘ ማለት አይደለም፤ መለካት ያለበት ከጠቅላላው ያለው ድርሻ ነው። የቅርብ ዓመታት መረጃም ወደ ቋት የሚገባው ዘግይቶ በመሆኑ፣ የሠንጠረዡ ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ታች ያዘነበለ ይመስላል። ከሁሉም በላይ መታሰብ ያለበት ግን ፐብሜድ የጤና ቋት መሆኑ ነው፤ ሐይቁን እዚያ ብቻ የሚፈልግ ሰው ወባውንና ትራኮማውን ያገኛል፣ ዓሣው ግን በአመዛኙ ያመልጠዋል። የሥነ ምኅዳር መጽሔቶችና በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የተደረደሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ካልተጨመሩ የሚገኘው ሥዕል የግማሽ ሐይቅ ሥዕል ነው።

የስምና የዘመን ችግር

በጣና ላይ የሚሠራ ቆጠራ የመጀመሪያው ወጥመድ ስሙ ነው። በአሮጌ የአውሮፓውያን ጽሑፎች ሐይቁ «ጻና» ወይም «ደምቢያ» እየተባለ ይጠራል። በላቲን ፊደል «ጣና» ተብሎ ሲፈለግ ደግሞ የኬንያው ጣና ወንዝ አብሮ ይመጣል። ከዚህም የባሰ የሚያደናግረው ከ2006 ጀምሮ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ ምሥራቅ ጎጃም፣ በ72 ንዑሳን ቀበሌዎች የተካሄደው የትራኮማ ሙከራ ነው፤ የእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ጣና» የሚል ቃል ስለሚሰጡ ሐይቁን ያልነካ ጥናት በሐይቁ ስም ይቆጠራል። (ይህ ሙከራ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ለማኅበረሰብ በጅምላ ሲሰጥ ትራኮማን ከመቀነሱም ሌላ የሕፃናት ሞት መቀነሱን አመልክቶ፣ በኋላ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ለተደረገው ሰፊ ሙከራ መንገድ ከፍቷል። ከአማራ ገጠር መንደሮች የተነሣ መረጃ እዚህ መድረሱ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።) «ባሕር ዳር» ራሱ በላቲን ፊደል ቢያንስ በሦስት መንገድ ተጽፎ ይገኛል።

የሰው ስምም እንዲሁ ነው። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ ባለመሆኑ፣ አንዱ መጽሔት ተመራማሪውን በራሱ ስም፣ ሌላው በአባቱ ስም ይመዘግበዋል፤ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፣ በአባት ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች ደግሞ አንድ ይሆናሉ። በ2012 ሥራ የጀመረው ኦርሲድ የተባለው የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር ችግሩን አቃልሎታል፤ የቆዩትን ጽሑፎች ግን ወደ ኋላ ሄዶ አላቃናም።

ዘመኑን በተመለከተ፣ የጤና ተቋማት መዝገብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ጽሑፉ በአውሮፓውያን ይወጣል። የእኛ አንድ ዓመት በእነርሱ ሁለት ዓመት ላይ ስለሚያርፍ፣ የመስከረምና የጥቅምት የወባ ወቅት በግዴለሽ ልወጣ ወደ ተሳሳተው ዓመት ሊገባ ይችላል። ጥንቁቅ ጸሐፊ ወሩን ለይቶ ይለውጣል፤ ሰባት ወይም ስምንት ደምሮ ብቻ የሚያልፍ ግን የወረርሽኙን ዓመት ያዛባል።

የዓሣው መረጃ

በጣና ጥናት ውስጥ ረጅሙ ክር ሳይንሱ «ባርብ» ከሚለው ወገን የሆነው የነጭ ዓሣው ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ሐይቁን ጎብኝተው ዓሦቹን በሳይንስ ስም መዝግበዋል፤ ከእነዚህ አንዱ «በሶ» የሚለውን ስም እስከ ዛሬ ይዞ ቀርቷል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በጆቶ ዳይኔሊ የተመራ የጥናት ቡድን በ1937 ወደ ጣና መጥቶ ነበር፤ ከዚያ በተሰበሰበው ላይ ቢኒ በ1940 በርካታ ዝርያዎችንና ንዑሳን ዝርያዎችን ዘርዝረዋል። ከዚያ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ያለው መረጃ ስስ ነው።

በ1973 የእንግሊዙ ባኒስተር የምሥራቅ አፍሪካን ትላልቅ ባርቦች ሲከልሱ የጣናዎቹን ሁሉ በአንድ ዝርያ ጠቀለሏቸው። ሐይቁ ውስጥ አንድም ዓሣ ሳይጠፋ የዝርያው ቁጥር በወረቀት ላይ ወደ አንድ ወረደ። በ1990ዎቹ ከሆላንድ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ናግልኬርኬና ሲቢንግ ግን ከባሕር ዳር ዓሣ አጥማጆች ጋር ሠርተው፣ አፋቸው፣ ራሳቸው፣ ምግባቸውና የሚውሉበት ጥልቀት የሚለያዩ ዓይነቶች መኖራቸውን አሳዩ፤ በ2000ም 15 ዝርያዎችን በዝርዝር ገለጹ። ዓሣ አጥማጁ ልዩነቱን በዓይኑ ሲያየው የኖረ ቢሆንም ሳይንሱ የተቀበለው ያኔ ነው። በኋላ የወገኑ ስም ከባርበስ ወደ ላቤኦባርበስ ስለተቀየረ፣ በአንዱ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው «ምርምሩ ቆመ» ወይም «ድንገት ተጀመረ» የሚል ከንቱ ድምዳሜ ላይ ይደርሳል።

የብዛቱ ልኬት በሌላ መንገድ ሄዷል። እስከ 1986 ድረስ ዓሣ ይያዝ የነበረው በዋነኛነት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ በሚሠራቸው የደንገል ታንኳዎች፣ ለሐይቁ ዳርቻ ቅርብ በሆነው ውኃ ላይ ነበር። በዚያ ዓመት የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ያለው የንግድ ዓሣ ማጥመድ ተጀመረ። ተስፋዬ ውድነህ በባሕር ዳር ባሕረ ሰላጤ የዓሣ ክምችት ላይ ያደረጉትን ጥናት በ1998 ያጠናቀቁ ሲሆን፣ የ1991–1993ቱ ልኬት ከዚህ ዘመን የተገኘ መነሻ ነው። ደ ግራፍና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ2004 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ ከ1999–2001 ጋር አነጻጽረው፣ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሱ አሳይተዋል።

የዚህ ጽሑፍ ጥንካሬ የቁጥሩ ትልቅነት ሳይሆን ስሌቱ ነው። ጠቅላላው ምርት በጀልባ ቁጥር ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ የተለካው በአንድ ጀልባ ጉዞ የተገኘው ዓሣ ነው፤ የተነጻጸረውም በተመሳሳይ ቦታ ነው። ለቅነሳው ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ምክንያት ዓሦቹ በክረምት ለመውለድ በወንዝ አፍ ሲሰበሰቡ በመረብ መዘጋታቸውና በወንዞቹ ውስጥ በብርብራ ፍሬ ዱቄት መመረዛቸው ነው። በ1996 ገደማ በሐይቁ መውጫ ላይ የተጠናቀቀው የጨረጨራ ግድብ በኋለኛው ልኬት ላይ ምን ያህል እንደተጨመረ አከራካሪ ነው። 

የጤና መዛግብት

በዳርቻው የጤና መረጃ ታሪክ 1958 የማይረሳ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል፤ ከሐይቁ በስተሰሜን ያለው የደምቢያ ሜዳ ከተጎዱት መካከል ነበር። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ለአካባቢው የጤና ምርምር መሠረት ጥሏል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሁለት ነባር ተቋማት በ2000 ሲዋሐዱ ከተመሠረተ ወዲህ በዘርፉ ላይ ፈጥኖ የራሱን አሻራ አሳርፏል።

ዛሬ በብዛት የሚወጣው «የአሥር ዓመት አዝማሚያ» የሚባለው የላቦራቶሪ መዝገብ ጥናት ነው። በ2012 የታተመው፣ በደምቢያ የሚገኘው የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ጥናት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ ከ2002 እስከ 2011 ከታዩት ከ59,000 በላይ የደም ናሙናዎች 40 በመቶ ያህሉ ወባ ተገኝቶባቸዋል። ይህ ግን ለምርመራ ከመጡት ያለው ድርሻ እንጂ የደምቢያ ሕዝብ ሕመም መጠን አይደለም። ፈጣን መመርመሪያ ኪት በቀበሌ ጤና ኬላ ሲገባ ቀላሉ ሕመምተኛ እዚያው ታክሞ ስለሚቀር፣ የጤና ጣቢያው መዝገብ ወባው ሳይቀንስ ሊቀንስ ይችላል።

እምቦጭ

እምቦጭ በአገራችን ከ1965 ጀምሮ በቆቃና በአዋሽ የታወቀ ሲሆን፣ በጣና መኖሩ የተመዘገበው በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ በጣና ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ርዕስ በግልጽ ወደዚህ አረም አጋድሏል። ስፋቱን በተመለከተ የተሰጡ ግምቶች እጅግ ይራራቃሉ፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ መፍረድ ያስቸግራል፣ ምናልባትም ሁሉም የየራሳቸውን ነገር ለክተው ሊሆን ይችላል። አንዱ አረሙ የደረሰበትን ዳርቻ ሁሉ፣ ሌላው በእርግጥ የሸፈነውን ውኃ ይቆጥራል። ነፋስ አረሙን ወደ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ስለሚገፋው የመጋቢትና የጥቅምት ልኬት አይገናኝም። የሳተላይት ምስልም ቢሆን የፎገራን ሩዝ፣ ደንገልንና እምቦጭን በአረንጓዴነታቸው ብቻ ለመለየት ይቸገራል። ከ2018 ወዲህ የዕፅዋት ሊቃውንት የአረሙን ወገን ከአይኮርኒያ ወደ ፖንቴዴሪያ ስላዛወሩት፣ በነጭ ዓሣው ላይ የደረሰው የስም መቆራረጥ እዚህም እየተደገመ ነው።

የቅርቡ ዘመን

ከ2023 አጋማሽ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የመስክ ሥራ በብዙ ቦታ ተስተጓጉሏል። መረጃ ተሰብስቦ ጽሑፉ እስኪታተም አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ዓመት ስለሚፈጅ፣ በሕትመት ዓመት በሚሠራ ሠንጠረዥ ላይ የእነዚያ ወራት ክፍተት በራሱ ቦታ አይታይም፤ ቀድሞ የተሰበሰበው ታትሞ እስኪያልቅ ቁጥሩ ሳይነቃነቅ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ይህን ዘመን ለመለካት የሚነሣ ሰው ጽሑፎቹን መደርደር ያለበት በታተሙበት ሳይሆን ናሙናው በተወሰደበት ወርና ዓመት ነው፤ ይኸውም በአብዛኛው የሚገኘው በጽሑፉ የስልት ክፍል ውስጥ፣ አንዳንዴም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ነው።