ታይራድስ 4 ምንድን ነው?

የአንገት አልትራሳውንድ ውጤታችሁ ላይ «ታይራድስ 4» የሚል ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ያዙልኝ፦ ደረጃ 4 ካንሰር ማለት አይደለም። ካንሰር ተገኘ ማለትም አይደለም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ተመርምሮ የወጣ ሰው ያችን 4 ቁጥር አይቶ ወገቡ ሲቆረጥ ያሳዝነኛል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከእብጠቱ ናሙና የሚወሰድበት የመርፌ ቀጠሮ ገና ነው። በዚህ መሀል ቤተሰቡ ለቅሶ ለመቀመጥ ትንሽ ነው የሚቀረው።

አብሽሩ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ታይሮይድ አንገታችን ላይ ከፊት በኩል፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ያለ ዕጢ ነው። በውስጡ ተለይቶ የወጣ እብጠት ሲታይ ኖዱል ይባላል። ብዙ ሰው ኖዱል አለው፤ አብዛኛው ሳያውቀው ይኖራል። ከ100 ኖዱሎች ከ90 በላዩ ካንሰር አይደሉም። በወሎ ደጋ እንቅርት ድሮም የታወቀ ነው፤ የቆየ እንቅርት ደግሞ ብዙ ጊዜ ኖዱል ያወጣል። (አዮዲን ያለው ጨው መብላት ለነገ ይጠቅማል፤ የወጣውን ኖዱል ግን አያጠፋም።)

ሁሉም ኖዱል በመርፌ አይወጋም። የትኛው ይወጋ፣ የትኛው በክትትል ይታይ የሚለውን ለመለየት ነው ታይራድስ የመጣው። ዓይነቱ ከአንድ በላይ ነው፤ በሰፊው ከሚሠራባቸው አንዱ የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ለኖዱሉ መልክ ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ1 እስከ 5 ካሉት አንዱ ላይ ያስቀምጠዋል።

ወረቀቱ «ሶሊድ፣ ሃይፖኤኮይክ፣ 1.8 ሴንቲ ሜትር» ይላል እንበል። ሶሊድ ማለት ውሃ ያልቋጠረ፣ ድፍን ነው፤ 2 ነጥብ። ሃይፖኤኮይክ ማለት ስክሪኑ ላይ ከዙሪያው ጠቆር ብሎ የታየ ነው፤ እሱም 2 ነጥብ። ጥቁረቱ የድምፅ ሞገዱ አመላለስ ነው እንጂ ሥጋው ተበላሸ ማለት አይደለም። ዳሩ ለስላሳ ከሆነ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ከሌለው፣ ወደ ጎን ሰፋ ያለ ከሆነ ሌላ ነጥብ አይጨመርም። ድምር 4። ከ4 እስከ 6 ነጥብ ያለው ታይራድስ 4 ይባላል። ያው ኖዱል ከስፋቱ ቁመቱ ቢበልጥ ግን 3 ነጥብ ተጨምሮ 7 ይሞላና ታይራድስ 5 ይሆናል።

ታይራድስ 4 ካላቸው 100 ኖዱሎች ካንሰር የሚሆኑት ከ5 እስከ 20 ገደማ ናቸው። እስቲ ገልብጣችሁ አንብቡት፦ 80 እና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ነፃ ናቸው።

መጠኑም ይታያል። በዚሁ አሠራር ታይራድስ 4 የሚወጋው 1.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ከዚያ ካነሰና 1 ሴንቲ ከሞላ በቀጠሮ እየታየ ይቆያል። ስለዚህ እህትማማቾች ሁለቱም «4» ተብለው አንዷ መርፌ ቢታዘዝላት፣ ሌላዋ «ለዓመት ተመለሺ» ብትባል ሐኪሙ ችላ ብሏት አይደለም።

መርፌው ኤፍ ኤን ኤ ይባላል። ደም ከሚቀዳበት የቀጠነ ነው። ጥቂት ሴሎች ተወስደው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ውጤቱም ሌላ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ቤተስዳ ይባላል፣ ከ1 እስከ 6። ከታይራድስ ጋር አታምታቱት። ቤተስዳ 1 ናሙናው አልበቃም ማለት ስለሆነ ብዙ ጊዜ መርፌው ይደገማል። ቤተስዳ 2 ካንሰር አልታየም ማለት ነው። 3 እና 4 ቁርጡ ያልታወቀ ነው፤ 5 በጣም አጠራጣሪ፣ 6 ካንሰር ነው።

ቲ ኤስ ኤች የተባለው የደም ምርመራ ዕጢው ሥራውን እንዴት እየሠራ እንደሆነ ይናገራል። ኖርማል መሆኑ ብቻውን ኖዱሉን ነፃ አያደርገውም።

ለቀጠሮው የድሮ አልትራሳውንድ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ኖዱሉ ማደግ አለማደጉ የሚታወቀው ከሱ ጋር ሲተያይ ነው። ከቤተሰብ የታይሮይድ ካንሰር የያዘው ሰው ካለ፣ ወይም በልጅነታችሁ አንገታችሁ ላይ የጨረር ሕክምና ከወሰዳችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ድምፅ ከጎረነነና አልመለስ ካለ፣ ምግብ ለመዋጥ ከተቸገራችሁ፣ ወይም እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ ካደገ ቀጠሮውን አትጠብቁ። ትንፋሽ ካጠራችሁ ደግሞ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ።