ሰው መሰል ሮቦቶች እና ለሰው የሚሰጡት አገልግሎት

ሰው መሰል ሮቦት ራስ፣ ሁለት እጅና ብዙ ጊዜም ሁለት እግር ያለው ማሽን ነው። ቅርጹ ለጌጥ አይደለም። በሩ፣ ደረጃው፣ መሣሪያው ሁሉ በሰው ልክ የተሠራ ስለሆነ ነው።

ታሪኩ በአብዛኛው የጃፓን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቶኪዮው ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ኢቺሮ ካቶ የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1973 ዋቦት-1ን ሠራ። ይራመዳል፣ ዕቃ ያነሣል፣ በጃፓንኛም አጫጭር ንግግር ያደርጋል። ሙሉ አካል ያለው የመጀመሪያው ሰው መሰል ሮቦት ተብሎ የሚጠራው እሱ ነው። በ1984 የተከተለው ዋቦት-2 ደግሞ ኖታ እያነበበ ኦርጋን ይጫወት ነበር። ሆንዳ ሥራውን በ1986 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል በሚስጥር ያዘው። በ1996 ይፋ ያደረገው ፒ2 182 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 210 ኪሎ ክብደት ነበረው። ቤት ውስጥ እንዲረዳ ማን ያስገባዋል? በ2000 የመጣው አሲሞ ግን 120 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ቁመቱ የተመረጠው የመብራት ማብሪያና የበር እጀታ ላይ እንዲደርስ፣ ከተቀመጠ ሰው ጋርም ፊት ለፊት እንዲተያይ ነው። አሲሞ በ2022 ጡረታ ወጣ። የአረማመድ ጥናቱ ግን ለመራመድ ለሚቸገሩ ሰዎች ወገብና ጭን ላይ የሚታሰር አጋዥ መሣሪያ አስገኝቷል። ይህ ውለታው ብዙም አይወራለትም።

ከ2011ዱ የፉኩሺማ የኒውክሌር አደጋ በኋላ፣ ሰው በማይገባበት ቦታ የሚሠራ ሮቦት ለማግኘት አሜሪካ ውድድር አዘጋጀች። በ2015ቱ ፍጻሜ ሮቦቶቹ መኪና ነዱ፣ በር ከፈቱ፣ ግድግዳ በሱ፣ ደረጃ ወጡ። ብዙዎቹ በር ላይ ሳይቀር ተዘረሩ። የደቡብ ኮሪያው ሁቦ ግን ብልጥ ነበር። መራመድ በማያስፈልግበት ቦታ ተንበርክኮ ጉልበቱ ላይ ባሉት ጎማዎች ይንሸራተታል። የ2 ሚሊዮን ዶላሩን ሽልማትም ወሰደ።

የእንግሊዙ ካስፓር ጨርሶ አይራመድም። ልጅ የሚያክል ሆኖ ተቀምጦ፣ ኦቲዝም ካለባቸው ሕፃናት ጋር ይጫወታል። ፊቱ ሆን ተብሎ ቀለል ተደርጎ ስለተሠራ አያደናግራቸውም። ለሰው በመድረስ ረገድ ከብዙ ሯጭ ሮቦቶች ይበልጣል ባይ ነኝ።

አሁን ወሬው ሁሉ ስለ ፋብሪካና መጋዘን ነው። ዲጂት የተባለው የአሜሪካ ሮቦት ከ2024 ጀምሮ በመጋዘን ውስጥ የፕላስቲክ ሳጥን እያነሣ ያስቀምጣል። ችግሩ ሚዛን ነው። መሬት ላይ የታሰረ የፋብሪካ ሮቦት ኃይሉ ሲቋረጥ ባለበት ይቆማል። ሁለት እግር ያለው ግን ይወድቃል፣ አጠገቡ ሰው ካለም እላዩ ላይ። ለዚህ ነው ዲጂት ከሠራተኞች ተለይቶ፣ በራሱ ክልል ውስጥ የሚሠራው።